ቲቸር አመረች እና የታመመችው ዛጎል

የቲቸር አመረችን ማረፍ የሰማሁት ሞርሲቶ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ክትባት በሚጠብቁበት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ በአራተኛው አነሳሁት። ሆሳዕና ሳለሁ ጎረቤቴ የነበረችው አልማዝ ናት። «ሲስተር፣ ቲቸር አረፉ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና ፊቴ የነበረውን ልጅ ከተብኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም የሚቀጥለውን። ማልቀስ እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ ሥራ ጨርሼ እጄን ስታጠብ ነው፤ ያኔም እንባ አልመጣልኝም። ደክሞኝ ነበር። ቲቸር ቢያዩኝ አይፈርዱብኝም። ድካምን እንደ እሳቸው የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ቲቸር ይባሉ እንጂ አስተማሪ አልነበሩም። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ። ብልቃጥ ያጥባሉ፣ ማይክሮስኮፕ ይወለውላሉ፣ ለትምህርት የሚሆን ቅጠልና ነፍሳት ይሰበስባሉ። ተማሪው ክፍል ውስጥ መልስ ያጣለትን ጥያቄ ይዞ እሳቸው ዘንድ ይሄድ ስለነበር «ቲቸር» አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ትውልዳቸው ከምባታ፣ አንጋጫ ነው። አማርኛውንም ሀዲይኛውንም አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ከምባትኛቸው የሚመጣው ሲናደዱ ብቻ ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ መነጽራቸው በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ። እርጥብ እጃቸውን የሚያደርቁት እጃቸውን ወደ ኋላ ዞር አድርገው በሹራባቸው ጀርባ ላይ ነበር። ከፊት ሲታዩ ንጹሕ ናቸው፤ ዞር ሲሉ ግን ጀርባቸው ላይ ሁልጊዜ የሁለት እጅ ምልክት አለ።

አንድ የሚጠሉት ቃል ነበራቸው፤ «አይዞሽ» የሚለው። «የሚሠራው ነገር ሲያልቅበት ሰው የሚለው ነው» ይላሉ። ሰው አልቅሶ ቢመጣባቸው ዱካ ስበው ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ጎኑ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር።

እኔ የሆመቾ ልጅ ነኝ። ነርሲንግ ተምሬ ሆሳዕና ሥራ ስይዝ የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ሎምቤቦ ያኔ በሕይወት ነበሩ። የግብርና ባለሙያ ሆነው ብዙ ወረዳ የዞሩ፣ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው ነበሩ፤ ኩላሊታቸው ግን እያሸነፋቸው ነበር። ከሥራ መልስ የግሉኮሳቸውን መርፌ የምተክለው እኔ ነበርኩ። በዚህ የተነሳ ተከራይነቴ ቀስ በቀስ ወደ ቤተሰብነት ተለወጠ።

ሳሎናቸው ውስጥ አንድ አኳሪየም ነበር። ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪውን ወደ መማሪያ ክፍል ሲቀይረው፣ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀውን የመስታወት ሳጥን ሊጥሉት ሲሉ ቲቸር ወሰዱት። ስንጥቁን በሲሊኮን ደፈኑት፤ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ከአዲስ አበባ አምስት ቀያይ ትንንሽ ዓሣዎችና አየር የሚነፋ ፓምፕ አመጣላቸው። ጋሽ ሎምቤቦ ዓሣዎቹን እያዩ ነበር የሚውሉት።

ጋሽ ሎምቤቦ የቦኖሻ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት ቦዮ ሐይቅ አጠገብ ነው። ሕመሙ ሳይጥላቸው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ኤርጫፎን ሊያዩ ሄዱ። ሲመለሱ አንድ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ሙሉ የሐይቅ አሸዋ ከነውሃው ይዘው መጡ። «ለአኳሪየምሽ» አሏቸው ለቲቸር። ቲቸር በደንብ የሚያጥቡበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ እንዳለ ገለበጡት። ውሃው ለሁለት ቀን ደፍርሶ ቆየና ጠራ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሎምቤቦ ከአልጋ አልወረዱም። አንድ ከሰዓት እኔ መርፌውን ስተክል ቲቸርም እግራቸውን ሲያሹ ሳለ፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ቦኖሻ አትውሰዱኝ። እዚሁ ቅበሩኝ፤ አመረች በእግሯ ደርሳ የምትመለስበት ቦታ።» ቲቸር ሌላውን እግር አነሱና ማሸታቸውን ቀጠሉ።

ሲያርፉ እዚያው ሆሳዕና፣ የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቦታ ተቀበሩ። አቶ ኤርጫፎ ከዘመድ ጋር መኪና ይዘው መጥተው ነበር፤ አስከሬኑን ወደ ትውልድ ቦታው ሊወስዱ። ቲቸር «እዚሁ ነው የሚቀበረው» አሉ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገሩም። ሽማግሌው ለቀስተኛው ፊት ጮኹባቸው። «ከወንድሞቹ ለየሽው!» አሉ። ቀብሩ ሲያበቃ እህል ሳይቀምሱ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲህ መነጋገር ቀረ።

ዛጎሏን ያየናት ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ቲቸር ጠሩኝ። አኳሪየሙ ወለል ላይ፣ በአሸዋው ውስጥ፣ አንድ ሰው በጣቱ የሳበው የሚመስል ቀጭን መስመር ነበር። መስመሩ የሚያበቃበት ቦታ አውራ ጣት የምታክል፣ ቡናማ አረንጓዴ ነገር ግማሽ አካሏ ተቀብሮ ቆማለች። ዛጎል ስል ለጌጥ የሚንጠለጠለውን ነጩን አይደለም፤ ሁለት ክዳን ያላት፣ ክዳኗን ገርበብ እያደረገች ውሃ የምትስብ፣ ሕይወት ያላት እንስሳ ናት። ከጋሽ ሎምቤቦ አሸዋ ጋር ከቦዮ መጥታ ኖሯል።

ቲቸር መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩአት። «ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበረች» አሉ በመጨረሻ። በማግሥቱ የላቦራቶሪ ልማዳቸው ተመልሶ አንድ ደብተር ጀመሩ። ቀኑን፣ ዛጎሏ ያለችበትን ቦታ፣ ክዳኗ መከፈት አለመከፈቱን ይጽፋሉ።

ክረምቱ ሲገባ መብራትና የቧንቧ ውሃ ለአራት ቀን ጠፉ። ፓምፑ ቆመ። ዓሣዎቹ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ቲቸር በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሳሉ፤ አየር እንዲገባበት። ሥራ በሌለኝ ሰዓት እኔ ተቀብያቸው አፈስሳለሁ። ክንድ ይዝላል። በአራተኛው ቀን ዓሣዎቹ ሁሉም ሞቱ፤ ውሃውም ሸተተ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት መብራቱም የቧንቧ ውሃውም አንድ ላይ መጡ። ቲቸር አኳሪየሙን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርገው፣ በቀጥታ ከቧንቧ ሞሉት። ሠላሳ ዓመት ለተማሪ «የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን አለ፤ ሁለት ቀን ሳታሳድሩ እንዳትጨምሩ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ባልዲውን አንስተው ጨመሩት። በኋላ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ማለቁን ፈልጌ ነበር» አሉኝ። «ሥራው እንዲያልቅልኝ። በቃ።»

በማግሥቱ ዛጎሏ ከአሸዋው ወጥታ በጎኗ ተጋድማ ነበር። ክዳኗ አለወትሮው ተከፍቷል፤ በውስጥ ያለው ፈዛዛ ሥጋ ወደ ውጪ ተንጠልጥሏል። ጤነኛ ዛጎል የሆነ ነገር ሲነካት ወዲያው ጥርቅም ትላለች። ቲቸር አንዲት የዶሮ ላባ ይዘው መጡና ጫፏን በቀስታ አስነኩ። ምንም። እየቆጠሩ ጠበቁ። አርባ ላይ ሲደርሱ ክዳኑ በጣም በዝግታ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው ዓይን፣ ግማሽ ድረስ ተዘጋ።

«አልሞተችም» አሉ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና «እኔ ነኝ ይህን ያደረግኋት» አሉ።

አልማዝ በአጥር በኩል መጥታ አየችና ሳቀች። «ቲቸር፣ ይጣሉት እንጂ! ዶሮ አይደል፣ በግ አይደል፤ ምን ያደርግልዎታል?» ቲቸር አልተቆጡም። «ምንም አያደርግልኝም» አሉ። «አልማዝ፣ ያቺን ሰፊዋን ሳፋ አለሽ?» አልማዝ ሳፋውን አመጣች።

የሕክምናው ነገር እንዲህ ነበር። በሦስት ጀሪካን ውሃ ቀድተን አፉን ሳንከድን ለሁለት ቀን እናሳድራለን፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ። ያን ውሃ ሳፋው ውስጥ አሸዋ አንጥፈን እንሞላለን፤ ዛጎሏን ፀሐይ በማያገኛት ጥግ እናኖራታለን። በየቀኑ የውሃውን አንድ ሦስተኛ ብቻ እንቀይራለን። «ሁሉንም አንድ ላይ አይሆንም። የሚገድላት ድንገት ነው» ይሉ ነበር ቲቸር። ለክዳኗ ጥንካሬ የእንቁላል ቅርፊት ደቁሰው አሸዋው ላይ በተኑ። ምግቧ ግን ከባድ ነበር። ዛጎል አታኝክም፤ ውሃውን በአንድ በኩል ስባ በሌላ በኩል ስትተፋ በመሃል ያለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ታስቀራለች። የእኛ ውሃ ደግሞ ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ለእሷ ባዶ ሰሃን ነው። ለካ ከቧንቧው በፊትም ስትራብ ነበር የኖረችው።

ቲቸር ከአንድ ኩሬ ውሃ አምጥተው በብርጭቆ ማሰሮዎች ሞልተው መስኮት ላይ ደረደሩ። ፀሐይ ባለችበት ቀን ውሃው ቀስ በቀስ እንደ ጎመን ይለመልማል። ክረምት ስለነበር ፀሐይ ትጠፋለች፤ እሳቸው ደመናውን እያዩ ማሰሮዎቹን ከመስኮት ወደ መስኮት ያዞራሉ። አረንጓዴው ሲበቃ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ስበው፣ ዛጎሏ ውሃ በምትስብበት በኩል ጠብ፣ ጠብ ያደርጉላታል። ከዚያ ላባውን አስነክተው ይቆጥራሉ። ደብተሩ ላይ «ጠዋት፣ ሠላሳ ስምንት። ከሰዓት፣ አርባ አንድ» እያሉ ይጽፋሉ።

ያ ክረምት ለእኔም ጥሩ አልነበረም። ሥራው በዝቶብኝ፣ የምነካው ሰው ሁሉ እጄ ላይ የሚሞት እየመሰለኝ፣ ነርስነቱን ትቼ እናቴ ጋ ሆመቾ ለመመለስ ወስኜ ነበር ማለት ይቻላል። ከሥራ ስመጣ ክፍሌ ከመግባት ይልቅ ሳፋው አጠገብ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን «ዛሬ ምን ሠሩ ቲቸር?» አልኳቸው። «ምንም። ጠበቅሁ» አሉኝ። እንደሚደክማቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፤ መጠበቅን ከሥራ ቆጥረው እንደሚደክሙበት የገባኝ ቆይቶ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ለጸሎት ፕሮግራም ሲወጡ ሳፋውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ዛጎሏ ያንኑ ያህል ተከፍታ፣ ያንኑ ሥጋዋን አውጥታ ተኝታለች። አሳዘነችኝ። አረንጓዴውን ውሃ በሲሪንጅ ሰጠኋት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሜ ሰጠኋት። ደግሞም ሦስተኛ። በማግሥቱ ሳፋው ሸተተ፤ ውሃው ላይ ስስ ቆዳ መሰል ነገር ተጋርዷል። ቲቸር ላባውን ሲያስነኩ ስልሳ ድረስ ቆጠሩ። ክዳኑ አልተንቀሳቀሰም።

አልማዝ አፍንጫዋን ይዛ «አለቀላት» አለች። እኔ ያደረግሁትን ተናገርኩ። እንደ ሰው ገዳይ ነው የተናዘዝኩት።

ቲቸር ውሃውን እያሸተቱ «ስንት ጊዜ ሰጠሻት?» አሉ።

«ሦስት። አሳዘነችኝ።»

«ለማን ነው የሰጠሻት? ለእሷ ነው ለራስሽ?»

ቲቸር የሹራባቸውን እጅጌ ሰበሰቡና ዛጎሏን አውጥተው ያደረ ውሃ ወዳለበት ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አዛወሯት፤ ለሁለት ቀን ምንም ምግብ አልሰጧትም። «ከዚህ በኋላ መጀመሪያ እያት። ከዚያ እጅሽን ታጠቢ። ከዚያ እንደገና እያት። ያኔም መንካት ካለብሽ ንኪያት» አሉኝ። ይህን ነገር ትምህርት ቤት አልተማርኩትም ማለት አልችልም፤ ተምሬዋለሁ። ግን ከዚያ ቀን በፊት የማየው የታማሚውን ካርድ ነበር። በሳምንቱ ሥራ ላይ አንዲት ሴትዮ አልጋ አጠገብ እጄን ሳልሰነዝር መጀመሪያ እያየኋት ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ወደ ሆመቾ የመመለሱን ነገር ለማንም አንስቼ አላውቅም፤ ዝም ብሎ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ሃምሳ። አርባ አራት። ለስድስት ቀን አርባ አራት ላይ ቆመ፤ ቲቸርም ስድስቱንም ቀን ያንኑ ቁጥር ያለ ምንም አስተያየት ጻፉ። ከዚያ ሠላሳ። መስከረም ሲጠባ ሃያዎቹ ውስጥ ገባን። ፀሐይ ወጣች፤ ማሰሮዎቹም ለመለሙ። ሥጋዋ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። አልማዝ እንኳ ልብስ ልታሰጣ በወጣች ቁጥር በመስኮት «ዛሬ ስንት ገባች?» ማለት ጀምራ ነበር።

አንድ እኩለ ቀን ላይ ቲቸር ላባውን ሲያስነኩ ዛጎሏ ጥርቅም አለች። ላባው ክዳኖቹ መሃል ተያዘ። እጃቸውን ሲያነሱ ዛጎሏም ላባውን ነክሳ አብራ ተነሳች፤ ውሃ እያንጠባጠበች አየር ላይ ተንጠለጠለች። እኔ ጮኼ ሳቅሁ። እሳቸው ቀስ ብለው መልሰው ውሃው ውስጥ አኖሯት፤ ላባውንም እስክትለቅ ጠበቁ። ደብተሩን አውጥተው «ወዲያው» ብለው ጻፉ። ከዚያ እዚያው ምንጣፉ ላይ ጋደም አሉ። ደስ ብሏቸው የሚያወሩ መስሎኝ ስጠብቅ፣ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ነጠላ አለበስኳቸው። እስከ አሥር ሰዓት አልነቁም።

በሦስተኛው ቀን ዛጎሏ እግሯን አውጥታ አሸዋውን ቆፍራ ገባች። የሚታየው የክዳኗ ጫፍ ብቻ ሆነ። አኳሪየሙን ባደረ ውሃ ሞልተን ወደዚያ መለስናት፤ ቲቸርም እስከ ኅዳር ማብቂያ በማሰሮ ውሃ ቀለቧት። ከዚያ አንድ ቀን «ልወስዳት ነው» አሉኝ። «ወዴት?» «ቦዮ። እዚህ የምትኖረው እኔ በቆምኩ ልክ ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ አልቆምም።»

«የጋሽ ሎምቤቦ እኮ ናት» አልኩ፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው።

«እሱ ያመጣው አሸዋ ነው» አሉ። «እሷን መቼ አየና?»

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ እኔና እሳቸው ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ዛጎሏን ከአሸዋዋና ከውሃዋ ጋር ይዘን በሚኒባስ ቦኖሻ ሄድን። ባልዲው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር በሁለት እጃቸው ያቅፉታል። ከቦኖሻ በጋሪ ወደ ሐይቁ ወረድን። መንገዱ የሚያልፈው በአቶ ኤርጫፎ ደጅ ነው። ሌላ መንገድ የለውም፤ ቲቸርም ያንን ያውቁ ነበር።

ሽማግሌው ደጃቸው ላይ የጋሪ ቀንበር እየጠገኑ ነበር። ሲያዩን ሥራቸውን አላቋረጡም።

«አመረች» አሉ በሀዲይኛ። ሰላምታ አልነበረም።

«ደህና ዋሉ» አሉ ቲቸር። ከጋሪው ወርደው ባልዲውን ይዘው ቆሙ።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ቲቸር ክዳኑን ከፍተው አሳዩአቸው። «ሎምቤቦ በመጨረሻ ከዚህ በወሰደው አሸዋ ውስጥ ነው የመጣችው። በእኔ ጥፋት ታማብኝ ነበር፤ አሁን ድናለች። እኔ ቤት የሚበቃት ምግብ የለም። ወደ ቦታዋ ልመልሳት ነው።»

አቶ ኤርጫፎ ባልዲው ውስጥ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

«ይህችን ወደ አገሯ መመለስ አወቅሽበት» አሉ። «ወንድሜን ግን አልመለስሽልኝም።»

ያን ከሰዓት እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ጋሽ ሎምቤቦ ያሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «አባባ—» ብዬ ጀመርኩ። የቲቸር እርጥብ እጅ አንጓዬን ጨበጠው። ያን ያህል ጉልበት እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«ልክ ነዎት» አሉ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ቀንበሩን ከጉልበታቸው አወረዱ። እኔን አዩ፣ እጄን የያዘውን እጅ አዩ። ከዚያ ተነሥተው ባልዲውን ከቲቸር ተቀበሉ። «ቀጥታ ከወረድሽ ጭቃ ነው። አሸዋው በዚህ በኩል ነው» አሉና ፊት ፊት መሄድ ጀመሩ።

ደንገሉን አልፈን ውሃው ዳር ስንደርስ ሁለቱም ጫማቸውን አወለቁ። ሽማግሌው ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ቲቸርም ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ጉልበታቸው ድረስ ገቡ። ቲቸር ዛጎሏን በእጃቸው ይዘው ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ አኖሯትና መጠበቅ ጀመሩ። የመቆም ጉልበታቸው ሲያንስ አቶ ኤርጫፎ ክርናቸውን ያዙላቸው። እንዲህ ሆነው፣ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ፣ ዛጎሏ እግሯን አውጥታ አሸዋው ውስጥ እስክትገባ ድረስ ቆሙ። አንድ ሰዓት ይሞላል። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ ጫማቸውን ጠበቅሁ። የዚያን ዕለት አቶ ኤርጫፎ ቤት ቆጮና አይብ በላን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አላስቻለኝም። «ለምን አልነገሯቸውም? ጋሽ ሎምቤቦ ራሳቸው እኮ ናቸው የተናገሩት።»

«ምን ብዬ ልንገረው? ወንድምህ አንተ ጋ መቀበር አልፈለገም ብዬ?» መስኮቱን እያዩ ነበር የሚያወሩት። «የሞተ ወንድሙን ከሚጣላ እኔን ይጣላኝ። እኔን ሲጣላ ቢያንስ መልስ የሚሰጠው ሰው አለ።» ከዚያ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጀርባቸው ላይ የውሃው ርጥበት ገና አልደረቀም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቲቸር በየበዓሉ ቦኖሻ ይሄዱ ነበር። እኔ ሞርሲቶ ተዛወርኩ። በስልክ እንገናኛለን፤ ስለ ጤናቸው ስጠይቃቸው «እየጠበቅሁ ነው» ይሉኝና ወሬ ይቀይራሉ። ምን እንደሚጠብቁ አልጠየቅኋቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ነርስ ነኝ።

ለቀብራቸው ሆሳዕና ስደርስ ግቢው ሞልቷል። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ጡረተኛ መምህራን፣ የሰፈሩ ሰው። ከጋሽ ሎምቤቦ ጎን ተቀበሩ። ሰው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። አቶ ኤርጫፎ በሁለቱ መቃብሮች መሃል ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል። ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«አንቺ ነርሷ ነሽ» አሉኝ። «ያን ቀን የሆነ ነገር ልትናገሪ ስትይ እጅሽን ያዘችሽ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«አውቀዋለሁ፤ ልትናገሪ የነበረውን።» በትራቸውን መሬቱ ላይ አስደገፉ። «እሱ ራሱ ነግሮኛል። የመጨረሻ ጊዜ መጥቶ አሸዋውን አብረን ስንጭን። ‹እዚያው ነው የምቀበረው፣ አመረች እንዳትርቀኝ› አለኝ። ዝም አልኩት። ሲሞት ግን ንዴቴ መጣ። እሱ ላይ መጮህ አይቻልም። እሷ ላይ ጮህኩ።»

ነጠላዬን ሰብስቤ ጠጋ አልኳቸው።

«ያን ቀን ‹እኔ ነኝ ያስቀረሁት› ስትል፣ እኔን ልታድን እንደሆነ ገባኝ። ‹አውቃለሁ፣ ነግሮኛል› ልላት ነበር። ውሃው ውስጥ ቆመን ልላት ነበር። ከዚያ በኋላም ለፋሲካ ስትመጣ፣ ለመስቀል ስትመጣ፣ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ተጨዋውተን ትሄዳለች።» ወደ አዲሱ አፈር ዞሩ። «አንቺ ቅርቧ ነበርሽ። ታውቅ ነበር? እንደማውቅ?»

«ታውቅ ነበር» ማለት እችል ነበር። በሥራዬ ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ቃል አስተኝቻለሁ።

«አላውቅም፣ አባባ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመንገዱ በኩል የቦኖሻው መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ አንዴ፣ ደግሞ ሁለተኛ። ሊነሡ ሞክረው አቃታቸው። ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸው፤ ልጅ ያነሳሁ ያህል ቀለሉኝ። ጥቂት እርምጃ ከሄድን በኋላ ቆሙና ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ በሀዲይኛ፣ ለእኔ ባልሆነ ድምፅ «ነግሮኛል» አሉ። ከዚያ ወደ መኪናው ሄድን።